አንብቦ ማስተዋል
ሕፃናትን በዕውቀት መጽሐፍ ንባብ ስለ ማስተማር

በሐዋርያት ሥራ በምዕራፍ 8 እንደ ተጻፈልን የኢትዮጵያ ንግሥት የህንደኬ ጃንደረባ ከኢየሩሳሌም ሲመለስ በሠረገላው ተቀምጦ የነቢዩን የኢሳይያስን መጽሐፍ ያነብ ነበር። ፊልጶስም በመንፈስ ቅዱስ ታዝዞ ወደ ሠረገላው በቀረበ ጊዜ የጠየቀው ጃንደረባው ማንበብ መቻል አለመቻሉን አይደለም፤ ድምፁን ሰምቶ ማንበቡን ዐውቆ ነበርና። የጠየቀው ያነበበውን ማስተዋሉን ነው። ጃንደረባውም ትልቅ ባለሥልጣን ሲሆን የሚመራው ሰው እንደሌለው ሳያፍር ገለጠ፤ ፊልጶስንም ከአጠገቡ አስቀመጠው። እኛ ኢትዮጵያውያን ይህን ታሪክ ስንሰማ ዘወትር የምንደሰተው በጥምቀቱ ነው፤ ደስታውም የተገባ ነው። ነገር ግን ከጥምቀቱ በፊት ንባብ እንደ ነበረ፣ ከንባቡም በኋላ የማስተዋል ጥያቄ እንደ ተነሣ ልብ የሚለው ጥቂት ሰው ነው።

በመጽሐፈ ነህምያም በምዕራፍ 8 የሕጉ መጽሐፍ በሕዝብ ፊት በተነበበ ጊዜ ሌዋውያኑ ትርጉሙን ያስረዱ እንደ ነበረ እናገኛለን። እንግዲህ በቅዱሳት መጻሕፍት ዘንድ ንባብና ማስተዋል የሚለያዩ አይደሉም። በዛሬው ጽሑፋችን የምንመለከተው ይህ ነገር ገና ፊደል በሚቈጥሩ ሕፃናት ዘንድ እንዴት እንደሚፈጸም ነው፤ ይልቁንም በሰቆጣና በዙሪያዋ ባለው በዋግ ኽምራ አገር በሚያድጉ ልጆች ዘንድ።

ከሰቆጣ ከተማ ወጣ ብሎ በሚገኝ በአንድ የገጠር ትምህርት ቤት የሁለተኛ ክፍል ሕፃናት ሲያነቡ እንድሰማ ተጋብዤ ነበር። መምህሩ ከሁሉ ይበልጣል ያሉትን አንድ ልጅ አስነሡት። ልጁም መጽሐፉን በሁለት እጁ ይዞ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ ሳይደናቀፍ አንድ ገጽ ሙሉ አነበበ። እኔም ደስ ብሎኝ ሥዕሉን ለማየት ወደ እርሱ ጠጋ ስል ሳላስበው መዳፌን በገጹ ላይ አሳረፍሁ። ልጁ ግን ንባቡን አላቋረጠም፤ መዳፌ የሸፈናቸውን መስመሮች አንድ ቃል ሳያጎድል እስከ መጨረሻው ዘለቃቸው። መምህሩም እኔም ዝም አልን። ከዚያ በኋላ መምህሩ ከሌላ ገጽ አንድ አጭር ቃል ባሳዩት ጊዜ ልጁ ቃሉን አተኵሮ ተመለከተ፤ ከንፈሩንም አንቀሳቀሰ፤ ነገር ግን ምንም አልወጣውም።

ይህ ልጅ ሰነፍ አልነበረም። እንዲያውም ከጓደኞቹ ይልቅ ጆሮው ንቁ ስለ ነበረ ሌሎች ሲያነቡ የሰማውን ሁሉ በቃሉ ይዞ፣ ማንበብ ማለት ይህ ነው ብሎ በቅንነት አምኖ ነበር። የከፋው ነገር አባቱም ይህንኑ ማመናቸው ነው። የፍየል ጠባቂ ስለ ጎደላቸው፣ «ልጄ ማንበብ ለምዷል፤ ይህ ይበቃዋል» ብለው ከሚመጣው ዓመት ጀምሮ ከትምህርት ቤት ሊያስቀሩት ቈርጠው ነበር። እንዲህ ሆኖ ቢወጣ ኖሮ የተማረ እየተባለ የሚጠራ ነገር ግን የአንዲት ወረቀት መልእክት መረዳት የማይችል ሰው ሆኖ መቅረቱ ነበር። እንዲህ ያለውንም ሰው ሁለተኛ ማንም አያስተምረውም፤ የተማረ መስሎ ይታያልና።

አንዳንድ ሰዎች ይህን የመሰለ ነገር ሲሰሙ ወዲያው የቄስ ትምህርት ቤትን ይወቅሳሉ። ሁሉን በቃል የማስያዝ ልማድ የመጣው ከዚያ ነው ይላሉ። ፍርዳቸው የችኰላ ነው። አባቶቻችን ይህን አደጋ ከማንም አስቀድመው ዐውቀውታልና። ሕፃኑ ሀ ሁ ሂ ብሎ ፊደልን በተራ ቈጥሮ ከጨረሰ በኋላ አቡጊዳ የሚሰጠው ለምንድን ነው? በመጀመሪያው ገበታ ላይ ልጁ በዜማው እየተመራ ዓይኑ ሌላ ቦታ ቢሆንም ወደ ፊት መሄድ ይችላል። በአቡጊዳ ግን የፊደሉ ተራ ስለ ተለወጠ የለመደው ዜማ አይረዳውም፤ ፊደሉን በመልኩ ካላወቀው እዚያው ይቆማል። የኔታም ስንደዶ አስይዘው እያንዳንዷን ፊደል ያስነኩታል፤ ጣትና ዓይን ከአፍ ጋር አብረው ካልሄዱ ወዲያው ይታወቅበታል። ወደ መልእክተ ዮሐንስ በተሻገረም ጊዜ ፊደሉን አንድ በአንድ ከመቍጠር ጀምሮ በግዕዝ፣ በውርድ ንባብና በቁም ንባብ ደረጃ በደረጃ ይወጣል፤ ተነሽና ወዳቂውን፣ ሰያፍና ተጣዩንም ይለያል። ይህን ሥርዐት ያቆሙ መምህራን የልጅ አፍ ከዓይኑ ቀድሞ እንደሚሮጥ ጠንቅቀው የሚያውቁ ናቸው።

በዚህ ትምህርት ያለው ጉድለት ሌላ ነው፤ እርሱንም መደበቅ አይገባንም። ልጁ የሚያነበው ግእዝ ነው፤ የሚናገረው ግን ሌላ ቋንቋ ነው። የሚያነበው ቃል ምሥጢሩ የሚገለጥለት ከብዙ ዓመት በኋላ በቅኔ ቤትና በመጻሕፍት ትርጓሜ ቤት ነው፤ ወደዚያ የሚደርሰውም ከብዙዎቹ ጥቂቱ ነው። አብዛኛው ዳዊት ደግሞ ወደ እርሻው የሚመለስ ነው። የዋግ ልጅ ከሆነ ደግሞ በቤቱ ኽምጣንጋ ይናገራል፤ በገበያ አማርኛ ይሰማል፤ በመጽሐፍ ግእዝ ያገኛል። ዘመናዊው ትምህርት ቤት በበኩሉ ልጁ ወደሚሰማው ቋንቋ ቀረብ ብሏል፤ ነገር ግን የአቡጊዳን ጥበብ ረስቷል። አንድ መጽሐፍ ለብዙ ልጆች ይሰጣል፤ ያችኑ ገጽ ሁሉም በአንድ ድምፅ ደጋግመው ይሏታል፤ ከሳምንት በኋላ ገጿን መዝሙር ያደርጓታል። ከሁለቱም ወገን የጎደለውን በአንድነት የወረሰው ልጅ ያ በመዳፌ ሥር ያነበበው ልጅ ነው።

ነገሩ የአንድ መንደር ጉዳይ እንዳይመስለን፣ በ2002 ዓ.ም. በልዩ ልዩ የአገራችን ክልሎች የሕፃናት የንባብ ችሎታ በተመረመረ ጊዜ ከመቶ የሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች 34ቱ ለክፍላቸው ከተዘጋጀው ታሪክ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። ስለ ታሪኩ ከተጠየቁት ጥያቄዎች አንዱን እንኳ መመለስ ያልቻሉት ደግሞ ከመቶ 48 ነበሩ። በእነዚህ በሁለቱ ቍጥሮች መካከል ያለውን ልዩነት እንመልከት። ጥቂት ወይም ብዙ ቃል አንብበው ሳለ ምን እንዳነበቡ ሊናገሩ ያልቻሉ ልጆች በዚያ መካከል አሉ።

እንግዲህ ለዚህ ሕመም መድኃኒት የምለው አንድ ነገር ነው፤ ይኸውም ለሕፃናት የተዘጋጀ የዕውቀት መጽሐፍ ነው። የዕውቀት መጽሐፍ ስል ተረትና ልብ ወለድ ያልሆነውን፣ በእውነት ያለውን ነገር ለልጅ በሚገባ ቃልና በሥዕል የሚያስረዳውን ማለቴ ነው፤ ንብ እንዴት እንደምትኖር፣ ተከዜ ከየት ተነሥቶ ወዴት እንደሚሄድ፣ ሸክላ እንዴት እንደሚሠራ፣ ዝናም ከየት እንደሚመጣ የሚናገር ትንሽ መጽሐፍ።

ይህ አዲስ ነገር አይደለም። ጠቢቡ ሰሎሞን ስለ ዛፎች ከሊባኖስ ዝግባ ጀምሮ በግንብ ላይ እስከሚበቅለው ሂሶጵ፣ ስለ አራዊትና ስለ ወፎች፣ ስለሚንቀሳቀሱና ስለ ዓሦችም እንደ ተናገረ በመጽሐፈ ነገሥት ተጽፎአል፤ ሰነፉንም ሰው ከጉንዳን ይማር ዘንድ ልኮታል። ቤተ ክርስቲያናችንም ስለ ስድስቱ ቀን ፍጥረታት የሚናገረውን አክሲማሮስን፣ ስለ እንስሳት የሚናገረውን ፊስአልጎስንም ከጥንት ጀምሮ በግእዝ ይዛለች። (በዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። ፊስአልጎስ እንስሳውን ለመንፈሳዊ ምሳሌ የሚያመጣ መጽሐፍ ስለ ሆነ፣ ስለ አንበሳ ደቦል ወይም ስለ ወፍ የሚነግረንን እንደ ተፈጥሮ ምርመራ አድርጎ ለሕፃን ማስተማር መጽሐፉንም ሕፃኑንም መበደል ነው። ምሳሌው በምሳሌነቱ ይቁም፤ ስለ ንብ የሚናገረው መጽሐፍ ግን ንብ የምትሠራውን ይናገር።)

በውጭው ዓለምም ዮሐንስ አሞስ ኮሜኒዩስ የተባለው የሞራቪያ ወንድሞች ማኅበር ጳጳስ፣ በእኛ አገር ዓፄ ፋሲል በነገሡበት ዘመን፣ በ1658 እ.ኤ.አ. በኑርምበርግ ከተማ «ኦርቢስ ፒክቱስ» የተባለ ለልጆች የተዘጋጀ መጽሐፍ አሳተመ። ትርጓሜው በሥዕል የተገለጠ ዓለም ማለት ነው። በያንዳንዱ ሥዕል ላይ ያሉት ነገሮች ቍጥር ተሰጥቶአቸዋል፤ በሥሩም ያው ነገር በላቲንና ሕፃኑ በሚናገረው በጀርመንኛ ተጽፎአል። ኮሜኒዩስ ልጅ የማያውቀውን ቃል በማያውቀው ነገር ላይ ጭኖ ማስተማር ከንቱ ድካም እንደ ሆነ አይቶ ነበር። ይህን የሠራው ሰው የሃይማኖት መምህር መሆኑን የምጠቅሰው፣ የዓለምን ነገር ለሕፃን ማስረዳት ለካህን የማይገባ የሚመስላቸው ወንድሞች ስላሉ ነው።

ለንባብ ትምህርት ተረት ሳለ የዕውቀት መጽሐፍ ለምን አስፈለገ የሚል ይኖራል። (የተረትን ክብር ለመንካት አይደለም፤ እኔም በአያቴ ተረት ያደግሁ ነኝ።) ተረትን ልጁ ከቤቱ ሰምቶት ይሆናል፤ ባይሰማውም እንኳ መጀመሪያው ከተነገረው መጨረሻውን ይገምተዋል፤ ጅብ ከመጣ አህያ መበላቷ አይቀርምና። የዕውቀት መጽሐፍ ግን አይገመትም። ንብ ስንት እግር እንዳላት የሚናገረውን መስመር ያላነበበ ልጅ ቍጥሩን ከዜማው ሊያገኘው አይችልም። ደግሞም ስለ አንድ ነገር የሚናገር ገጽ ያችኑ ቃል በግድ ይደጋግማታል። ስለ ንብ በተጻፈ አንድ ገጽ ላይ «ንብ» የምትለው ቃል ዐሥር ጊዜ ብትመጣ፣ በየጊዜው በሌላ ጎረቤት መካከል ስለምትመጣ ልጁ በመልኳ ይለያታል። ይህ ራሱ ሌላ አቡጊዳ ነው። ሥዕሉም እንዲሁ ነው፤ በተረት መጽሐፍ ላይ ሥዕል ጌጥ ሊሆን ይችላል፤ በዕውቀት መጽሐፍ ላይ ግን ከንቡ ክንፍ ወደ ቃሉ የተሳለች መስመር ራሷ ትነበባለች።

ከሁሉም በላይ ግን ልጁ ራሱ የሚያውቀው ነገር በመጽሐፍ ተጽፎ ሲያይ መጽሐፍን መጠየቅ ይጀምራል። የእረኛ ልጅ ስለ ፍየል ሲያነብ ዳኛ ነው። ይህ እውነት ነው፤ ይህ ግን ትክክል አይደለም ይላል። ማስተዋል ማለትም ይህ ነው።

በበለጸጉት አገሮችም ቢሆን ይህ ነገር ችላ ተብሎ ነበር። ኔል ዱክ የተባሉ አሜሪካዊት ተመራማሪ በ20 የአንደኛ ክፍል መማሪያ ክፍሎች ውስጥ ያለውን ትምህርት ተከታትለው በ2000 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጽሑፍ፣ ሕፃናቱ ከዕውቀት ጽሑፍ ጋር የሚገናኙበት ጊዜ በቀን በአማካይ 3.6 ደቂቃ ብቻ ሆኖ እንዳገኙት ገልጠዋል። መጽሐፍ የሞላበት አገር እንዲህ ከሆነ መጽሐፍ የሌለበት አገር እንዴት እንደሚሆን መገመት አያዳግትም። በአገራችን ሕፃናትን ከመጻሕፍት ጋር ለማገናኘት ከደከሙት መካከል አቶ ዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስ ይጠቀሳሉ፤ በ1995 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በሾላ የሕፃናት ቤተ መጻሕፍት አቋቁመዋል፤ በሐዋሳም አህያ በሚስበው ጋሪ መጽሐፍ ወደ ልጆች እንዲሄድ አድርገዋል። ከመጻሕፍቱ ዘንድ ግን በአማርኛ ለልጆች የሚታተመው አብዛኛው ተረት ነው። ስለ ንብና ስለ ወንዝ የሚጽፍ ደራሲ እምብዛም አይገኝም።

አሁን ወደዚያ ትምህርት ቤት ልመለስ። መምህሩ በማግሥቱ መጽሐፉን አስቀምጠው በሰሌዳው ላይ ሕፃናቱ ከዚያ በፊት ሰምተውት የማያውቁትን ጽሑፍ ጻፉ። ዋግ የማር አገር ስለ ሆነ ስለ ንብ ጻፉ። ከመጻፋቸው በፊት ግን ልጆቹን ስለ ንብ የሚያውቁትን ጠየቁአቸው፤ የተናገሩትንም በሰሌዳው ቀኝ አሰፈሩት። ቀጥለው ምን ማወቅ እንደሚፈልጉ ጠየቁ፤ ይህንንም ጻፉት። ጽሑፉ ከተነበበ በኋላ ደግሞ ያገኙትን እንዲናገሩ አደረጉ። ይህን ስልት ዶና ኦግል የተባሉ መምህርት በ1986 እ.ኤ.አ. በጽሑፍ አውጥተውት በብዙ አገሮች ተሠርቶበታል፤ ከየኔታ ጥያቄም ብዙ የራቀ አይደለም።

ጽሑፉ ስምንት መስመር ብቻ ነበር። በአንድ ቀፎ ውስጥ አንዲት አውራ፣ ብዙ ሠራተኞች፣ ጥቂትም ድንጉሎች እንዳሉ፤ አውራዋ እንቍላል እንደምትጥል፤ ከእንቍላሉ ተነሥቶ ሠራተኛዋ ንብ በሦስት ሳምንት ገደማ እንደምትወጣ፤ ሠራተኞቹ ሁሉ ሴቶች እንደ ሆኑ፤ ድንጉላው መንደፊያ እንደሌለው ይናገር ነበር። በመካከሉም መምህሩ ሆን ብለው አንድ ሐሰተኛ መስመር አግብተው፣ «ከእነዚህ መስመሮች አንዱ እውነት አይደለም፤ አንብባችሁ አግኙት» አሉ። በክፍሉ ውስጥ ዝምታ ሆነ። በአንድ ድምፅ የሚባል ነገር አልነበረምና እያንዳንዱ ልጅ በከንፈሩ ፊደል መልቀም ጀመረ።

ከኋላ የተቀመጠች አንዲት ልጅ ግን እጅዋን አንሥታ ያልተጠየቀውን ጠየቀች። «መምህር፣ አውራ ወንድ አይደለምን? ወንድ እንዴት እንቍላል ይጥላል?» አለች። ይህ ጥያቄ የሊቅ ጥያቄ ነው። ቋንቋችን በእርግጥ የንቦቹን መሪ እንደ ወንድ አለቃ አውራ ብሎ ጠርቷታል። አውሮጳውያንም እስከ 17ኛው መቶ ዓመት ድረስ ንጉሥ ይሏት ነበር፤ በኋላ በምርመራ እናት መሆኗ ተረጋገጠ። መምህሩም ስሙ ከጥንት የመጣ እንደ ሆነ፣ አሁን ግን ንግሥት የሚሏት እንዳሉ አስረዱ፤ በሰሌዳውም ላይ ሁለቱን ስሞች ጎን ለጎን ጻፉ። ይህችን ልጅ ያነቃት የሰማችው ዜማ አይደለም፤ ያነበበችው ቃል ከምታውቀው ነገር ጋር ስለ ተጋጨባት ነው።

ያ የመጀመሪያው ልጅስ? በመጀመሪያው ቀን አንዲት ቃል አላነበበም፤ ፊቱም ጠቍሮ ዋለ፤ ከሁሉ ይበልጣል ሲባል የኖረ ነውና። በሁለተኛው ቀን «ንብ» የምትለዋን ቃል በሰሌዳው ላይ ባለችበት ሁሉ ሄዶ በእንጨት ነካት። በሦስተኛው ቀን አንድ መስመር፣ እንደ ግዕዝ ንባብ ፊደሉን አንድ በአንድ እየጎተተ፣ አነበበ። እጅግ አዝጋሚ ነበር፤ ከአንድ ወር በፊት ከነበረው «ንባብ» ጋር ሲተያይ ወደ ኋላ የተመለሰ ይመስላል። መምህሩ ግን ደስታቸውን መደበቅ አልቻሉም።

በዚህ ላይ የቋንቋን ነገር ሳላነሣ ማለፍ አልችልም። በ1986 ዓ.ም. በወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ሕፃናት የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርታቸውን በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው እንዲማሩ ተፈቅዶአል፤ በአማራ ክልልም ከአማርኛ ሌላ ኽምጣንጋ፣ አዊኛና ኦሮምኛ የማስተማሪያ ቋንቋዎች ሆነዋል። ኽምጣንጋ የሚጻፈው በዚያው በግእዝ ፊደል ስለ ሆነ፣ አንዱን ያወቀ ልጅ ሌላውን ለማንበብ ጥቂት ጭማሪ ብቻ ያስፈልገዋል። ይሁን እንጂ በኽምጣንጋ የታተመ የሕፃናት የዕውቀት መጽሐፍ ማግኘት ከባድ ነው። ያ መምህር ኽምጣንጋ የአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ስለ ነበረ የንቡን ጽሑፍ በአንድ ገጽ በኽምጣንጋ፣ በፊት ለፊቱ ባለው ገጽ በአማርኛ ጻፉት፤ ኮሜኒዩስን ሳያነቡ የኮሜኒዩስን ሥራ ሠሩ ማለት ነው።

መጽሐፍ ከየት ይምጣ ለሚለው መልሱም ከዚሁ ይጀምራል። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ በሰሜኑ የአገራችን ክፍል በደረሰው ጦርነት በዋግ ኽምራ ብዙ ትምህርት ቤቶች ተጎድተዋል፤ ከአበርገሌና ከጻግብጂ ብዙ ሰዎች ከነልጆቻቸው ተፈናቅለዋል፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ ድርቅ ተከተለ። ከሩቅ የሚመጣውን መጽሐፍ ብቻ የሚጠብቅ መምህር ብዙ ይጠብቃል። አራት ወረቀት ከመካከሉ ታጥፎ በክር ቢሰፋ ስምንት ቅጠል ያለው መጽሐፍ ይሆናል። በያንዳንዱ ቅጠል አንድ ነገር ብቻ ይጻፍበት፤ ልጆቹ ሥዕሉን ይሣሉ፤ የሚጻፈውም ነገር ዐዋቂ ከሆነ ሰው፣ ከንብ አርቢው፣ ከሸማኔው፣ ከሸክላ ሠሪዋ ተጠይቆ የተረጋገጠ ይሁን። በዚህ ላይ ጥብቅ መሆን ያስፈልጋል፤ ሐሰት የተጻፈበት የዕውቀት መጽሐፍ ከባዶ ወረቀት ይከፋልና።

ካህናትም በዚህ ሥራ ልንረዳ የምንችልበት ብዙ ነገር አለን። ከሰቆጣ ብዙም ሳይርቅ ያለው ውቅር መስቀለ ክርስቶስ ከአንድ ዐለት እንዴት እንደ ተፈለፈለ፣ ጠራቢው ድንጋዩን ሲያወጣ ዐምዱን አስቀድሞ በልቡ ማየት እንደ ነበረበት ለሕፃናት ቢጻፍ እንዴት ያለ መጽሐፍ ይወጣዋል! ተከዜ በላስታ ተነሥቶ፣ ዋግን ዳርቻዋን ነክቶ፣ ወደ ሱዳን ሲወርድ ሰቲት ተብሎ፣ ከአትባራ ጋር ተቀላቅሎ ዐባይን እንደሚያገኝ ስንቱ የዋግ ልጅ ያውቃል? ባሕረ ሐሳብ የሚያውቅ ዲያቆንም ጳጕሜን በሦስቱ ዓመት አምስት ቀን፣ በዘመነ ሉቃስ ማብቂያ ግን ስድስት ቀን የምትሆንበትን ምክንያት በአንድ ገጽ ሊጽፍ ይችላል። ይህ የቤተ ክርስቲያን ዕውቀት ነው፤ ለሕፃን የሚገባ የቍጥር ትምህርትም ነው።

ልጁ እንዲህ ባለው መጽሐፍ ተስቦ ዳዊትን ይተዋል ብለው የሚሰጉ አባቶች አሉ። ሥጋታቸውን አልንቅም። ነገር ግን እኔ ያየሁት ተቃራኒውን ነው፤ በስምንት መስመር የንብ ጽሑፍ ላይ «ይህ ምን ማለት ነው?» ብሎ መጠየቅ የለመደ ልጅ፣ በመዝሙሩም ላይ ይህንኑ ይጠይቃል። የሚመልስለት ካህን ማዘጋጀት የእኛ ፋንታ ነው።

የዚያን ልጅ አባት በኋላ በሰቆጣ ገበያ አገኘኋቸው፤ ልጁም አብሮአቸው ነበር። መምህሩ የሰፉለትን መጽሐፍ ከጉያው አወጣና በገበያው ዳር ተቀምጦ በኽምጣንጋ ያነብላቸው ጀመር። አብሮኝ የነበረው ዲያቆን የሚሉትን ይተረጕምልኝ ነበር። ልጁ ቀስ እያለ፣ አንዳንዴም እየቆመ አነበበ። አባቱ መጀመሪያ ፊታቸውን ቋጠሩ፤ «ድሮ ፈጥኖ ያነብ ነበር፤ ምን ሆነ?» አሉኝ። እኔም ድሮ ምን ያደርግ እንደ ነበረ ገለጥሁላቸው። ዝም አሉ፤ ከዚያም ልጁን ከመካከሉ እንደ ገና እንዲያነብ አዘዙት፤ መዳፋቸውንም በገጹ ላይ አሳረፉ። ልጁ ቆመ። «አባቴ፣ እጅህን አንሣልኝ፤ አይታየኝም» አለ።

አባቱም እጃቸውን አንሥተው ሰሙ። ድንጉላው መንደፊያ የለውም የሚለው ላይ በደረሰ ጊዜ፣ «አባ፣ ይህን ማን ጻፈው?» ብለው ጠየቁኝ። መምህሩ እንደ ጻፉት ነገርኋቸው። «እንግዲያው አንድ ነገር ጎድሎታል፤ አበባ ሲጠፋ ሠራተኞቹ ድንጉላውን ጎትተው ከቀፎ እንደሚያስወጡት አልጻፈም። እኔ በዓይኔ አይቼዋለሁ» አሉ። ፍየሎቹን ከጎረቤት ልጅ ጋር በተራ ለማስጠበቅ፣ ልጁም ጧት ጧት እንዲማር ተስማምተው ተለያየን። መምህሩ የመጽሐፉን የመጨረሻ ቅጠል ባዶ ትተውት ስለ ነበረ የአባቱን ቃል በዚያ ላይ ጻፉት። ልጁም በሚቀጥለው ሳምንት በክፍሉ ፊት ቆሞ አነበበው፤ «ጎትተው» የሚለው ቃል ላይ ሁለት ጊዜ ተሰናክሎ፣ በሦስተኛው አወጣው።